አሥራ አንድ ቀለህ

የመንግሥት ወታደሮች ብረት የሚያሸተውን መሣሪያ ይዘው ድብ ባሕር የገቡት በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ነው። ያስመጣቸው የገበሬው የበላቸው በሬ ነበር። ምስኪን በላቸው ከወልቅፊት ምሽግ ግርጌ ያለችውን ቁራሽ መሬት ላቅና ብሎ ጥማዱን ቢያስገባ፣ ጣልያን ቀብሮት የሄደው ፈንጂ ፈነዳና ቀኝ በሬውን በታተነበት። እሱን አንድዬ አተረፈው። "ምነው! ይኼ ጣልያን ሄዶም አይሄድም እንዴ?" እያለ ደባርቅ ድረስ ወጥቶ ቢጮህ ቢጮህ፣ በስንት ጊዜው ሃምሳ አለቃ ክንዱ የሚባል የመሐንዲስ ጦር ሰው ከአምስት ወታደሮች ጋር ተላከ።

መሣሪያው የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ብረት በረጅም ዘንግ ጫፍ ተሰክቶ፣ በሽቦ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ነው። ሃምሳ አለቃው መሬቱን እያስታከከ ሲያዞረው፣ ከሥሩ ብረት ካለ ጆሮው ላይ ይጮህበታል። ያን ጊዜ በደረቱ ተኝቶ አፈሩን በሳንጃ ጫፍ ቀስ እያለ ይጭራል። ፈንጂ ከሆነ ያከሽፈዋል፤ ካልሆነ ከማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይወረወራል። በሳምንቱ እዚያ ዋርካ ሥር ያልተከመረ የዝገት ዓይነት አልነበረም፤ የቦምብ ስብርባሪ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የእሾህ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ምኑ ቅጡ።

አባይነሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዚያ ክምር አጠገብ አልጠፋችም። ሌላው ሰው ለማጭድ የሚሆን ብረት እየመረጠ ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ግን ጠዋት መጥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ብረቱን አንድ በአንድ እያነሳች ታገላብጥና ትመልሳለች። አንዲት ቁራጭ ወደ ቤቷ አልወሰደችም። ሃምሳ አለቃው ታዝቦ ታዝቦ በአራተኛው ቀን፣

"እትዬ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አላት።

"ባሌ" አለችው።

የቀለደች መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ፋንታሁን በሠላሳ ሦስት ክረምት፣ አርበኞች ወልቅፊትን ከበው በነበረበት ጊዜ፣ በአያ ዳኛው ጭፍራ ውስጥ ነበር። አንድ ጉም የዋጠው ጠዋት ውጅግራ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። የጎበዝ አለቃው አያ ዳኛው፣ "በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ብቻውን ወደ ምሽጉ እየሄደ ነበር። ገባላቸው" አለ። በቃ። "ገባላቸው" የምትለዋ ቃል አገር አዳረሰች። አንዱ አስመራ አየሁት አለ፤ ሌላው ምጽዋ ላይ ከጣልያኖች ጋር መርከብ ሲሳፈር አየሁት ከሚል ሰው ሰማሁ አለ። ወሬ መቼ ይደክመዋል! እናም በየዓመቱ በሚካኤል ደጅ የወደቁት አርበኞች ስም ሲጠራ የፋንታሁን ስም አይጠራም። ከምሽጉ የእሾህ ሽቦ ሥር የተለቀመው አጥንት ሁሉ ስም ሳይኖረው በአንድ ጉድጓድ ሲቀበር፣ የሱም በዚያ ውስጥ ይኖር ይሆናል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ቄስ ሐብተ ማርያምም ፍትሐት አልፈቱለትም፤ "ልጄ፣ መሞቱ ያልታወቀ ሰው እንዴት ይፈታል?" ይሏታል። ሬሳ የለ፣ ልቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ። አባይነሽ ባል የሞተባት ሴት መባል እንኳ አምሯት ቀረ፤ የባንዳ ሚስት ሆና ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት! እስቲ እናንተ አንዱን ዓመት ቻሉት።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ መሣሪያው ጮኸ። ቦታው ከጣልያን የእሾህ ሽቦ ሥር፣ ከምሽጉ በር አርባ እርምጃ የማይርቅ ጉድባ ውስጥ ነው። ሃምሳ አለቃው ጭሮ ጭሮ ሁለት ክንድ የሚያህል ብረት አወጣ። አፈሩ፣ የሣሩ ሥርና ዝገቱ አንድ ላይ ተጋግሮ ምንነቱ አይለይም። ከጎኑ ደግሞ የበሰበሰ ቆዳ የሸፈነው፣ አረንጓዴ የሻገተ ጓል ወጣ።

"የማኪና ዘንግ ነው" አለ አንዱ ወታደር።

"የለም፣ የመትረየስ እግር ይመስላል" አለ ሌላው።

አባይነሽ ከዋርካው ሥር ተነስታ መጣች። ገና አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከዝገቱ ጎን አንድ ጣት የምታህል፣ ወደ ላይ የተቆለመመች ነገር ወጣ ብላለች።

"ወገሌ ነው" አለች። "የማረሻዬ ወገል!"

ሰው ሁሉ ተያየ። ወገል እኮ ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት ነው፤ የጣልያን ምሽግ ሥር ምን ይሠራል? ሴትዮዋ አበደች ተባለ። አያ ዳኛው በዚያን ጊዜ ጭቃ ሹም ነው፤ ከዘራውን ተደግፎ ከወታደሮቹ አጠገብ ቆሟል።

"አባይነሽ፣ ምነው ሰው ፊት ራስሽን ባታዋርጂ? ሰውየው ሄዷል። ተይው በቃ" አላት። በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖላት ነው። እሷን ያነደዳትም ይኸው ማዘኑ ነው።

"አያ ዳኛው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼዎታለሁ፤ ዛሬ እርስዎ ይሰሙኛል!" አለች። ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። "ዝገቱን ሳትነካው ስማኝ፣ ጌታው። ይኼ ውጅግራ ነው። የመቀርቀሪያው እጀታ ተሰብሮ ብረት ቢጠፋ፣ ከማረሻዬ ወገሉን ነቅዬ፣ መቀርቀሪያውን በቅቤ ቅል ውስጥ ደብቄ፣ በጣልያን ዘበኛ ፊት አልፌ ጎንደር ያስጠገንኩት እኔ ነኝ። የጠገነው አዲስ ዓለም ሰፈር ያለ ሷሊሕ የሚባል ቁልፍ ሠሪ ነው። እጀታው በሦስት የመዳብ ምስማር ተመቷል፤ ሦስተኛው ጠማማ ነው። ያ ጓል ደግሞ ቀለህ ነው። የሄደ ዕለት ጠዋት አሥራ አንድ ጥይት በእጄ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ። ቀለህ ደግሞ አይጥልም፤ ማን ይጥላል?"

ይህንንስ ማን ሊክዳት? በዚያ ዘመን ጥይት ከየት ይመጣል! አርበኛ የተኮሰበትን ባዶ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድ አስሞልቶ መልሶ ይተኩሳል። እጁ ስለለመደ፣ እሳት እየዘነበበት እንኳ ቀለሁን ወደ ኮሮጆው ሳይከት ሌላ አያጎርስም።

"አሥራ አንዱም ቀለህ ተተኩሶ ይገኛል፤ ሊገባላቸው የሄደ ሰው ጥይቱን አይጨርስባቸውም" አለች አባይነሽ። "አንዲት ብትጎድል የፋንታሁንን ስም ሁለተኛ ከአፌ አላወጣም። ፍትሐትም አልጠይቅም። ሚካኤል ምስክሬ ነው!"

"ኧረ በስመ አብ! ተይ አንቺ ሴት!" ያላለ የለም። እሷ ምን ሰምታ።

ሃምሳ አለቃ ክንዱ ሥራው ፈንጂ ነውና የሚጣደፍ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየና፣ "ጠመንጃ ከሆነ ያልተተኮሰ ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል። እዚህ አልቀጠቅጠውም። ነገ ወደ ጎንደር የምትሄድ ማኪና አለችኝ። ያ ቁልፍ ሠሪ በሕይወት ካለ፣ እሱ ፊት ይከፈታል" አለ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለ አያ ዳኛው። "ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ መጨረሻውንም እኔው ልየው።"

በማግሥቱ ሊማሊሞን ወጡት። ብረቱና ጓሉ አሸዋ በሞላው ሣጥን ውስጥ ተቀብረዋል። አያ ዳኛው ማኪና ላይ ሲሳፈር የመጀመሪያው ነው፤ መንገዱ በታጠፈ፣ ገደሉ ከእግሩ ሥር ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ታቦት ይጠራል። ደባርቅ እስኪደርሱ የቀረው ታቦት አልነበረም። አባይነሽ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኗን ከሣጥኑ ላይ አላነሳችም። ያቺን መሐላ ምን ሲባል ማልኩ ትላለች በልቧ። ዝናብ፣ ጎርፍ፣ አይጥ፣ ስንቱ አለ! አንዲት ቀለህ ለመጥፋት ምን ያንሳታል?

ሃምሳ አለቃው አዲስ ዓለም ሲደርሱ እሷንና አያ ዳኛውን ከሱቁ ደጅ አቁሟቸው ብቻውን ገባ። አያ ሷሊሕ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ መነጽሩን በክር አስሮ፣ በቁልፍና በማጠፊያ ክምር መሃል ተቀምጧል።

"አባት፣ በጣልያን ጊዜ ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር አሉ?"

"እኔ?" ሽማግሌው የወታደሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየው። "ማነው ያለው? ቁልፍ ብቻ ነው የምሠራ። ወላሂ፣ ጠመንጃ በእጄም አላለፈ!"

ጉድ እኮ ነው! ጣልያን ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ሽማግሌው አሁንም ምስጢሩን ይጠብቃል። ደጅ የቆመችው አባይነሽ ይህን ስትሰማ ቁሚ የተባለችውን ረስታ ዘላ ገባች።

"አያ ሷሊሕ! ቅቤው! ቅቤውን ረሱት?"

ሽማግሌው መነጽሩን አስተካክሎ አያት። ከጓዳ ግን ሚስቱ ሸምሲያ እጇን እያራገፈች ወጣች።

"የቅቤዋ ሴትዮ!" አለች። "አንቺ! ብረቱን ሲያወጣ ቅቤውን ለኔ ሰጠሽኝ። ወር ሙሉ ወጤ ሁሉ ብረት ብረት እያለ ይኼ ሰውዬ ሲነጫነጭብኝ ከረመ!"

አያ ሷሊሕ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሃምሳ አለቃው በእጁ አባይነሽን ዝም አሰኝቶ፣ "እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ምን አድርገው ነበር የጠገኑት?" አለው።

"ከወገል ቆርጬ እጀታ ሠራሁለት። የወገል ብረት ቀለበት ስለሆነ ቀጥ አልል ብሎኝ ወደ ላይ እንደተቆለመመ ቀረ። በመዳብ ምስማር መታሁት።"

"በስንት?"

"በሦስት። ሦስተኛውን ግን አታንሳብኝ፣ ልጄ። ያሳፍረኛል።" ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። "ሃምሳ ዓመት ስሠራ የተበላሸብኝ ሥራ እሱ ብቻ ነው። ልመታው መዶሻ ሳነሳ የጣልያን ዘበኞች በበሩ ሲያልፉ እጄ ተንቀጠቀጠ። ተጣመመ። ደግሜ እንዳልመታው ድምፁን ፈራሁ።"

ሃምሳ አለቃው አባይነሽን ተከትሎ ወደገባው አያ ዳኛው ዞሮ ተመለከተ። አያ ዳኛው ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ብረቱን ላምባ በሞላ ገበቴ ውስጥ ዘፈዘፉት። እሳት አይነካም አለ ሃምሳ አለቃው። የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት እስኪደርስ ጠበቁ። አያ ሷሊሕ ሰግዶ ሲመለስ እጁን አሽቶ ጀመረ፤ በቀጭን ሞረድ እየፋቀ፣ በጨርቅ እየጠረገ፣ ዝገቱን እንደ ቅርፊት አነሳው። መጀመሪያ እጀታዋ ወጣች፤ ተቆልምማለች። ከዚያ አንድ ቀይ ነጥብ ብልጭ አለ። መዳብ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ደግሞ ራሱን ወደ ጎን ጣል አድርጎ፣ ልክ እንደተባለው ጠማማ ሆኖ ወጣ።

"ይኸው ጉዴ" አለ አያ ሷሊሕ።

አያ ዳኛው ጠጋ ብሎ ምስማሮቹን አየ። "ጠመንጃው የሱ ነው፤ እኔም የሱ አይደለም አላልኩም። ይዞት ገባ ነው ያልኩት። ሲቀበሉት ነጥቀው ጥለውት ይሆናል።"

አሁን ነገሩ ሁሉ ጓሉ ላይ ነው። ሃምሳ አለቃው የበሰበሰውን ቆዳ በቢላ ከፍሎ ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያላቀቀ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። ሁሉም ባዶ ናቸው። ሸምሲያ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። "...ስምንት። ዘጠኝ። አሥር።"

ከዚያ ቆዳው ባዶ ሆነ። ሃምሳ አለቃው ገለበጠው፤ አራገፈው። አሸዋውን በጣቱ በረበረው። ምንም።

"አሥር" አለ አያ ዳኛው። በደስታ አልነበረም፤ ግን አለ።

አባይነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ሚካኤልን ያህል ጠርታ፣ አገር ፊት ምላ፣ ከእንግዲህ በምን አፏ ትናገራለች? ፋንታሁንን ሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በራሷ እጅ፣ ቀበረችው። እንባዋ እንኳ እምቢ አለ።

ሃምሳ አለቃ ክንዱ ግን ቀለሆቹን ትቶ ብረቱን ያያል። ጎንበስ አለ።

"አያ ሷሊሕ፣ ውጅግራ ስንት ጥይት ነው የሚጎርስ?"

"አንድ።"

"ከተኮሱበት በኋላ ቀለሁ የት ይሆናል?"

"መቀርቀሪያው እስኪከፈት እዚያው ጉሮሮው ውስጥ—" አያ ሷሊሕ አልጨረሰውም።

መቀርቀሪያው ዝግ ነበር።

"ሁላችሁም ውጡ" አለ ሃምሳ አለቃው። "ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ከፈነዳ ዓይን አያተርፍም።"

ሸምሲያ ወጣች። አያ ዳኛው በሩ ላይ ቀረ። አያ ሷሊሕ፣ "የኔ ሥራ ነው፤ የትም አልሄድ" አለ። አባይነሽም ከግድግዳው አልተላቀቀችም፤ ዓይኔ ቢጠፋስ ምን ላይበት ነው አለች። ሃምሳ አለቃው አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ላምባ ጨምሮበት፣ በእንጨት መዶሻ ያቺን ቁልምም እጀታ ከሥር ቀስ እያደረገ መታ መታ ያደርጋት ጀመር። አልነቃነቅ አለች። ደገመ። አያ ሷሊሕ ጠማማው ምስማር ይነቀላል ብሎ ፈርቷል። አልተነቀለም። ሲጢጢጥ አለና እጀታዋ ተነሳች። መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ አንዲት አረንጓዴ ነገር ጠረጴዛው ላይ ወድቃ ተንከባለለች።

ሃምሳ አለቃው አንስቶ አገላበጣት። አፏን አየ፤ ቂጧን አየ።

"ባዶ ናት" አለ። "መርፌው መትቷታል። ተተኩሳለች።" ከዚያ እንደ ወታደር ሳይሆን እንደ ሰው ዝግ ብሎ፣ "አሥሩን ተኩሶ ወደ ኮሮጆው ከቷል። አሥራ አንደኛዋንም ተኩሷል። አውጥቶ ሊከታት ጊዜ አልሰጡትም" አላት።

አባይነሽ እልልታዋን ለቀቀችው። አቤት እልልታ! አሥራ ሁለት ዓመት የታመቀ ነበርና የአዲስ ዓለም ሰው ሠርግ ነው ብሎ ከየበሩ ወጣ። ሸምሲያም ነገሩን ሳትጠይቅ ተቀበለቻት። አያ ሷሊሕ ምስማሩን በጣቱ እየዳበሰ፣ "ያዘ! ጠማማው ያዘ! አልሐምዱሊላህ!" እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አያ ዳኛው ግን ኮፍያውን አውልቆ ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ወደ ድብ ባሕር ሲመለሱ ሊማሊሞ ላይ እንኳ ታቦት አልጠራም።

ልቅሶው የተደረገው በመጋቢት ሚካኤል ነው። ቄስ ሐብተ ማርያም ከዋዜማው ጀምረው ፍትሐቱን አደረሱ፤ ስም አልባዎቹ በተቀበሩበት ጉድጓድ ላይ ቆመው፣ ክርስትና ስሙን ጠርተው ፈቱት። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ፣ እንደ አገሩ ወግ በሬሳው ፈንታ ዕቃው ወጣ፤ አልጋ ላይ ነጭ ቡልኮ ተነጥፎ ያ የዛገ ውጅግራ ተጋደመበት፣ ቁልምሙ እጀታ ወደ ሰማይ ሆኖ። ከደባርቅ ሰው ወረደ። ሃምሳ አለቃ ክንዱ ወታደሮቹን በሰልፍ አቆመ። አያ ሷሊሕና ሸምሲያም ከጎንደር በማኪና መጡ፤ ሸምሲያ በእጇ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ፣ "ይኼኛው ብረት የለውም!" ስትል ልቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እንዲያ ያለ ልቅሶ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው እያለቀሰ ደስ ይለዋል።

አባይነሽ ቀለሆቹን በአመድ አሽታ ወርቅ አስመስላቸዋለች። በሰፌድ ይዛ ዞረች፤ ፋንታሁንን ለሚያውቁት ጓደኞቹ አንድ አንድ ሰጠች። የተቀበለው ሁሉ ቀለሁን ከፍ አድርጎ ወደ አልጋው እየዘለለ ይፎክራል፤ ስሙን ይጠራል፤ ሜዳው ይናወጣል። በላቸው እንኳ የሞተው በሬው በፋንታሁን ስም ይቆጠርልኝ ብሎ ፎከረ። አሥሩ አለቁ። አንዲት ቀረች፤ ከጉሮሮው የወጣችው።

አያ ዳኛው ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አጥሩ ሥር ቆሟል። አባይነሽ ሰፌዱን ይዛ ወደ እሱ ስትሄድ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ፊቱ ቆመች። ሰው ሁሉ ስድብ ይጠብቃል፤ ምላሷን ያውቃላ። እሷ ግን አሥራ አንደኛዋን ቀለህ አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"አያ ዳኛው፣ ያዩትን ይናገሩ" አለችው።

ሽማግሌው ከዘራውን ጣለ። ኮፍያውን አወለቀ። መሃል ሜዳ ገባና ከአልጋው ፊት ቆመ። ቀለሁን ወደ ላይ አነሳ፤ በዚያ የጎበዝ አለቃ ሳለ ገደል በሚሰነጥቅ ድምፁ ጮኸ፦

"በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ብቻውን ወደ ምሽጉ እየሄደ ነበር!"

ሜዳው አንድ ጊዜ "ፋንታሁን!" ብሎ አስተጋባ። አያ ዳኛው ያቺኑ ነገር ደገማት፤ ሰለሳት፤ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። አባይነሽም ከአልጋው ሥር ተቀመጠች። ያቺን የወገሏን ብረት በእጇ ያዘች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ በአገር ፊት፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት፣ እንደልቧ አለቀሰች።